ትርፍ

ከደረጃው በታች እኔ የማድርባት
ክፍል ጠባብ ናት፣ ሶኬት የሌለባት፤
አምፖሏም ቢሆን ማብሪያዋ ከደጅ ነው፣
ማዳም ናት ማታ የምታጠፋው።

ላፕቶፑ የልጇ ነበር፣ የመሃ፤
ለቆሻሻ ሲወጣ ለምኜ ያስቀረሁት፣
አንድ ቁልፍ ወልቆ በማስቲካ ያጣበቅሁት።
ቀን ከልብስ ማጠቢያው ጎን ሰክቼው እውላለሁ፣
ሌሊት በጉያዬ ይዤው እገባለሁ፤
የሂሳብ መዝገብ አያያዝ፣ በርቀት እማራለሁ።

ባትሪው ግን አረጀ።
በአሥራ አንድ ደቂቃ
ገና "ሀብትና ዕዳ" ስል ድርግም ይላል በቃ።
ጣቴን ማያው ላይ እንዳደረግሁ፣
ያነበብሁትን በጨለማ እደግማለሁ።

ዓርብ፣ በዕረፍቴ ቀን፣ ሐወሊ ወረድን፣
እኔና ዙልፋ፤ ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ሶል ይዞ እያስቀረን።
ሻጂ ይባላል ባለሱቁ፣ ኬረላ ነው አገሩ፤
ሁለት ካርቶን አወረደ፣ "እነዚህ ናቸው የቀሩ።
ይኼ ሞዴል ቆሟል፣ ፋብሪካው ትቶታል፤
አንዱ አሥራ ሁለት ዲናር፣ ሁለቱን ከወሰድሽ ሃያ ይበቃኛል።"

ዙልፋ ክርኔን ነካች፤ "ሁለቱንም ውሰጂ!
ነገ አለቀ ቢሉሽ ወዴት ልትሄጂ?"
እሷ እንዲህ ናት፤ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ሞልታ፣
ሦስት ብርድ ልብስ፣ የሠርግ ጫማ፣ የሕፃን ልብስ ገዝታ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ "አገሬ ስገባ" እያለች፤
የጫማው ሶል በራሱ ጊዜ መላጡን ግን አላየች።

ሻጂ፣ ነጋዴ ሲሆን፣ እውነት አመለጠው።
"ስሚ እህቴ፣ ይኼ ሩዝ አይደለም፣ በጆንያ የምታኖሪው፤
ሳይሠራም ያረጃል፣ ተኝቶም ይሞታል፣ ገዳዩ ሙቀት ነው።
ጢም አድርገሽ አትሙዪው፣ ባዶም አታስቀምጪው፤
ግማሽ ድረስ ሙዪና፣ ከቀዝቃዛ ቦታ፣ በሦስት ወር አንዴ ቀስቅሺው።"

ቀዝቃዛ ቦታ! በኩዌት። በሐምሌ።

ሁለቱንም ገዛሁ፤ ሃያ ዲናር፣ የደሞዜ ሩብ፤
የአንዱ ቦታ ይታወቃል፣ የሌላው ነው የሚያሳስብ።
በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከወይራው ፍሬ ኋላ፣
ከማዳም ፍሪጅ ጥግ ደበቅሁት።

አንድ ቀን የማዳም እናት፣ ሐጃ ነዊር፣
ኢንሱሊኗን ስትፈልግ እጇ አረፈ ከኔ ምስጢር።
"ይኼ የማን መድኃኒት ነው?" አለች አገላብጣ፤
"የኔ ነው" አልኳት፤ ላብ በጀርባዬ ወጣ።
አልጠየቀችኝም በሽታዬን።
ከራሷ መርፌ አጠገብ መልሳ አኖረችው፤
"መድኃኒት ሙቀት አይወድም" አለች፣ በሩን እየዘጋችው።

ሁለት ዓመት ሄደ። ሐጃም በብርዱ ወር አረፈች፤
መርፌዎቿን ጣልናቸው። የኔዋ ብቻ እዚያው ቀረች።

በመጨረሻው ፈተና ሰሞን ፊተኛው ደከመ፤
ትርፉን አወጣሁት፣ ቅዝቃዜው መዳፌን ቆረጠመ።
ከስምንቱ መቀስቀሻ አምስቱን ረስቼ፣
ሦስት ሰዓት ይሰጠኛል ብዬ ነበር ተመክቼ።
የሰጠኝ አርባ ደቂቃ ነው።

መጽሐፉ ይህን "የእርጅና ቅናሽ" ይለዋል፤ ምዕራፍ ሰባት።
ስለ መኪና ስለ ማሽን መስሎኝ፣ ቶሎ ብዬ ያለፍሁት።

በአርባው ደቂቃ ሠላሳ ስምንት ጥያቄ መለስሁ፤
መላኪያውን ስጫን ማያው ጠፋ፣ ሄደ አልሄደ አላወቅሁ።
ትርፍ ነው ኪሳራ? በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?
እስክሪብቶዬ እስከ ዛሬ በመስመሩ መሀል ነው።

ትናንት ዙልፋ ደወለች፣ እሷም ላፕቶፕ ልትገዛ ነው፤
"መለዋወጫ ባትሪውንስ አብሬ ብይዘው?"
"ያዢ" አልኳት፣ "ግን እንዳታስቀምጪው፤
አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ፣ እያፈራረቅሽ ሥሪበት፣
ማርጀቱ ካልቀረ በእጅሽ ላይ ይርጅበት።"

ምንም አልመለሰች፤ ዝም አለች ለአፍታ፤
የሻንጣ ዚፕ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ ሲፈታ።